«ውሃ መቅዳት ይቆጠራል?»፦ ስለ ወጣቶች የአካል እንቅስቃሴ የሚጠቀሱ አሃዞች ስለ ማን ይናገራሉ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ጋዜጣችሁ ለወጣቶች ጤና ቦታ ሰጥቶ በመጻፉ እንደ አንባቢም እንደ መምህርም አመሰግናለሁ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ በቅርቡ በጤና ዓምዳችሁ የወጣው ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ «ከአምስት ወጣቶች አራቱ በቂ የአካል እንቅስቃሴ አያደርጉም» የሚለውን ዓለም አቀፍ አሃዝ ይጠቅስና የእኛም አገር ልጅ ስልክ ላይ ተደፍቶ ሰንፏል ወደሚል ድምዳሜ ይደርሳል። እኔ በሰሜን ሸዋ ለዐሥራ ዘጠኝ ዓመታት የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ሳስተምር የቆየሁ ሰው ነኝ፤ ለሁለተኛ ዲግሪዬም ስለ ወጣቶች የአካል እንቅስቃሴና ስፖርት የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስቤ የመመርመር ዕድል አግኝቻለሁ። የምለውም አንድ ነገር ነው፤ አሃዙ የሐሰት አይደለም፣ ነገር ግን እነማን ተጠይቀው፣ በምን ቃል ተጠይቀው እንደተገኘ ሳይታይ ከተጠቀሰ ስለ እኛ ልጆች የሚነግረን ከምናስበው በጣም ያነሰ ነው።

በመጀመሪያ አሃዙ ከየት እንደመጣ ላስረዳ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የዓለም ጤና ድርጅት ተመራማሪዎች በ2019 መጨረሻ፣ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የሕፃናትና የወጣቶች ጤና እትም ላይ ባወጡት ጥናት፣ በ146 አገሮች የተካሄዱ 298 የዳሰሳ ጥናቶችን አሰባስበው ዕድሜያቸው ከ11 እስከ 17 ዓመት የሆነ 1.6 ሚሊዮን ተማሪዎች የሰጡትን መልስ በአንድነት ተንትነዋል። በ2016 ከእነዚህ ወጣቶች 81 በመቶው፣ ማለትም ከወንዶቹ 78 በመቶ ከሴቶቹ ደግሞ 85 በመቶ፣ በቀን 60 ደቂቃ መካከለኛ ወይም ጠንካራ እንቅስቃሴ ከሚለው መለኪያ በታች ሆነው ተገኙ። ዝቅተኛውን ውጤት ያስመዘገበችው ደቡብ ኮሪያ ስትሆን ከመለኪያው በታች የሆኑት ተማሪዎቿ 94 በመቶ ነበሩ፤ ከሁሉም የተሻለችው ባንግላዲሽ እንኳ 66 በመቶ ላይ ነበረች። በዓለም ላይ የተሻለች የተባለችው አገር ከሦስት ልጆቿ ሁለቱን በሚጥል መለኪያ ፊት፣ ስለ ልጆቹ ብቻ ሳይሆን ስለ መለኪያውም መጠየቅ ተገቢ ይመስለኛል።

መለኪያው ራሱ ባለበት አልቆየም። እስከ 2020 ድረስ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ «በየቀኑ ቢያንስ 60 ደቂቃ» ይል ነበር፤ በ2020 የወጣው አዲሱ መመሪያ ግን «በሳምንት ውስጥ በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ» ብሎ አስተካክሎታል። ምክንያቱም መነሻ የሆኑት ጥናቶች የለኩት የቀን አማካይን እንጂ አንድም ቀን ሳይጎድል መንቀሳቀስን አልነበረም። ልዩነቱ ትንሽ ይምሰል እንጂ ትንሽ አይደለም። ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ 90 ደቂቃ ሲሮጥ፣ ሲራመድና ኳስ ሲጫወት የሚውል፣ ቅዳሜና እሑድ ግን የሚያርፍ ልጅ በሳምንት 450 ደቂቃ ይንቀሳቀሳል፤ ለሰባት ቀን ሲካፈል በቀን ከ64 ደቂቃ በላይ ይደርሰዋል። በአዲሱ መመሪያ ይህ ልጅ መለኪያውን አልፏል፤ በአሮጌው ግን «በቂ እንቅስቃሴ የማያደርግ» ተብሎ ከ81 በመቶዎቹ ጋር ይቆጠር ነበር።

ከዚህ የሚበልጠው ጉዳይ ግን መልሱ የተገኘበት መንገድ ነው። ይህን የተረዳሁት ከመጻሕፍት ሳይሆን ከአንዲት ተማሪ ነው። ለጥናቴ ስል በብዙ አገሮች የሚሠራበትን የተማሪዎች መጠይቅ ወደ አማርኛ መልሼ፣ በአንድ የወረዳ ከተማ ለሚማሩ የዘጠነኛ ክፍል ልጆች አደልኩ። ጥያቄው «ባለፉት 7 ቀናት ውስጥ፣ በድምሩ ቢያንስ 60 ደቂቃ የአካል ብቃት እንቅስቃሴ ያደረግኸው ወይም ያደረግሽው በስንቱ ቀን ነው?» የሚል ሲሆን፣ ከሥሩ ከ0 እስከ 7 ያሉ ቁጥሮች ተደርድረዋል። ክፍሉ ጸጥ ብሎ ሲሞላ፣ ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ ውሃ መቅዳት ይቆጠራል እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። መጠይቅ የሚያስሞላ ሰው ወደ አንዱ መልስ መምራት የለበትም የሚል መመሪያ ነበረኝና «እንደገባሽ ሙዪው» አልኳት። እስክሪብቶዋን ጉንጯ ላይ አድርጋ ጥቂት አሰበች፤ ከዚያም 0 ላይ አከበበች።

ይህችን ልጅ ማለዳ ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ አገኛታለሁ። ምንጩ ከመንደሩ ቁልቁል ወርዶ ነው ያለው። ባለ 20 ሊትሩን ቢጫ ጀሪካን በገመድ ጀርባዋ ላይ አስራ፣ ገመዱን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ጨብጣ፣ ወደ ፊት ጎንበስ ብላ ዳገቱን ስትወጣ ትንፋሿ ከሩቅ ይሰማል። ያን ውሃ ቤት አድርሳ፣ ልብሷን ቀይራ፣ ደብተሯን ይዛ ደግሞ ወደ ትምህርት ቤት በእግሯ ትመጣለች። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በጨዋታና በስፖርት ብቻ ሳይሆን ከቦታ ቦታ በመሄድና በቤት ውስጥ ሥራ የሚደረገውንም እንቅስቃሴ ይቆጥራል። ስለዚህ እንደ መመሪያው ከሄድን ልጅቷ መጻፍ የነበረባት 7 ነበር፤ በወረቀቱ ላይ የቀረው ግን 0 ነው።

ጥፋቱ የልጅቷ አይደለም፣ የእኔ የትርጉም ጥፋት ነው፤ ከዚያም አልፎ የቃሉ ጠባይ ነው። በእኛ አማርኛ «ስፖርት ይሠራል» የምንለው ማልዶ ቱታ ለብሶ የሚሮጠውን ወይም ጂም የሚገባውን ሰው ነው። እንጨት ለቅሞ፣ ከብት አግዶ፣ ሸክም ተሸክሞ ገበያ ደርሶ የተመለሰውን ልጅ «ሲሠራ ዋለ» እንላለን እንጂ «ስፖርት ሠራ» አንለውም። «የአካል ብቃት እንቅስቃሴ» የሚለው ሐረግ ደግሞ በሬዲዮና በቴሌቪዥን የምንሰማው ከማለዳ ጅምናስቲክ ጋር ተያይዞ ስለሆነ፣ በተማሪው ጆሮ ድካም ሳይሆን ልምምድ ማለት ሆኗል። በውጭ ቋንቋ የተጻፉት ጥናቶች የአካል እንቅስቃሴን፣ ልምምድንና ስፖርትን በሦስት የተለያዩ ቃላት ለይተው ያስቀምጣሉ፤ እኛ ግን ሦስቱንም በአንድ «ስፖርት» እንጠቀልላቸዋለን። እንዲህ ባለ ቃል የተሰበሰበ መረጃ ተንትኖ፣ በመቶኛ ተቀምጦ፣ በሰንጠረዥ ተሰድሮ ሲቀርብ ስሕተቱ ከእንግዲህ አይታይም። ከዚያ ቀን በኋላ ጥያቄውን «ትንፋሽህን ያፋጠነ፣ ልብህን ያስመታ ማንኛውም ሥራ፣ ጨዋታ፣ ጉዞ ወይም ስፖርት» በሚል ቃል ቀየርኩትና ሥራዬን እንደ አዲስ ጀመርኩ። ያ ሁሉ የሞላ ወረቀት ለጥናቱ ሳይውል ቀረ፤ ሆኖም ከጥናቱ ሁሉ የበለጠ ያስተማረኝ እሱ ነው።

ሌሎችም እንከኖች አሉ። «ባለፉት 7 ቀናት» የሚለው ጥያቄ የእህል መሰብሰቢያ በሆነው በኅዳር ሲጠየቅና የወሰነ ትምህርት ፈተና በሚሰጥበት ሰሞን ሲጠየቅ አንድ ዓይነት መልስ አያስገኝም፤ በዐቢይ ጾም ሳምንት የተጠየቀ የጾመኛ ቤተሰብ ልጅና ከፋሲካ በኋላ የተጠየቀው ያው ልጅ የሚሰጡት መልስም እንደዚሁ ይለያያል። መጠይቁ የሚሞላው በትምህርት ቤት በመሆኑ ደግሞ ትምህርት ያቋረጠው እረኛ፣ የቀን ሠራተኛው፣ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራዋ ልጅ ከናሙናው ውጭ ናቸው። ምናልባትም በአካላቸው ከሁሉ የበለጠ የሚደክሙት እነዚህ ናቸው።

በመጠይቅ ፈንታ በመሣሪያ ይለካ የሚል ሐሳብ ሊነሣ ይችላል፤ እኔም እደግፈዋለሁ። በወገብ ወይም በእጅ ላይ የሚታሰረው አክስለሮሜትር የሚባለው ትንሽ መሣሪያ የሰውነትን እንቅስቃሴ በየሰኮንዱ ይመዘግባል። በልጆች ላይ ሁለቱን መንገዶች ያነጻጸሩ ጥናቶች እንደሚያሳዩትም፣ በአብዛኛው በቃል የሚነገረው በመሣሪያ ከሚለካው ይበልጣል። ይሁን እንጂ መሣሪያውም ሁሉን አያይም። እርምጃን ይቆጥራል እንጂ ጀርባ ላይ ያለውን 20 ሊትር ውሃ አያውቅም፤ ብስክሌት የሚነዳ ልጅንም ከሚደክመው በታች ይገምተዋል። «መካከለኛ» እና «ጠንካራ» የሚባሉት ወሰኖችም በብዛት የተቀመጡት በበለጸጉ አገሮች ልጆች ላይ በቤተ ሙከራ በተደረገ ልኬት ነው፤ ወሰኑ ሲቀያየር ከአንድ መረጃ በጣም የተራራቁ ውጤቶች ይወጣሉ። ይህን የምለው ልኬት ከንቱ ነው ለማለት ሳይሆን፣ የእኛን ልጆች የሚለካ ሰው ሸክሙንም ዳገቱንም በማስታወሻው ይያዝ ለማለት ነው።

ኢትዮጵያ ከዚህ ጥረት ውጭ አይደለችም። በ2018 49 አገሮች በተሳተፉበት የልጆችና የወጣቶች እንቅስቃሴ የሪፖርት ካርድ ንጽጽር ላይ የእኛ ተመራማሪዎችም አገራቸውን ወክለው ቀርበዋል፤ ያለውን ጥቂት መረጃ ለቅሞ በአንድ ቦታ ማስቀመጥ ትልቅ ሥራ ነው። የዚህ ንጽጽር አሠራር አንድ የማደንቀው ጠባይ አለው፤ በቂ መረጃ በሌለበት መስክ ላይ ግምት ከመስጠት ይልቅ «ያልተሟላ» ብሎ በግልጽ ያስቀምጣል። ጋዜጦቻችንም ይህን ልማድ ቢይዙት መልካም ነው።

አሁን ወደ ጥቅሙ ልለፍ፤ ምክንያቱም ጽሑፋችሁ ስፖርት የሚሠራ ወጣት ከጭንቀት ይርቃል፣ በትምህርቱም ይጎብዛል የሚል ቃል አለው። በ2013 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ስፖርት ለልጆችና ለወጣቶች ስላለው የሥነ ልቦናና የማኅበራዊ ኑሮ ጥቅም የተጻፉ 30 ጥናቶችን ገምግመው፣ በተለይ በቡድን ስፖርት የሚሳተፉ ወጣቶች በራስ መተማመናቸውና ከሰው ጋር ያላቸው ግንኙነት የተሻለ ሆኖ እንዳገኙት ጽፈዋል። ነገር ግን እነዚያው ተመራማሪዎች አብረው የሚገኙ ነገሮች ሁሉ አንዱ የሌላው ምክንያት እንደማይሆኑ አስጠንቅቀዋል። ደስተኛና ተግባቢ የሆነ ልጅ አስቀድሞውኑ ወደ ቡድን ሊሄድ ይችላልና።

በዚህ ላይ ሁልጊዜ የማስታውሰው የለንደን አውቶቡስ ሠራተኞች ታሪክ ነው። ጄሪ ሞሪስ የተባለው ብሪታንያዊ ሐኪምና ባልደረቦቹ በ1953 ባወጡት ጥናት፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው የሚነዱት ሹፌሮች ባለ ሁለት ፎቁን አውቶቡስ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ ከሚውሉት ትኬት ቆራጮች ይልቅ በልብ ሕመም በብዛት እንደሚጠቁ አሳዩ። የአካል እንቅስቃሴ ምርምር መሠረት የተጣለው በዚህ ነው ማለት ይቻላል። ሞሪስ ግን በዚያ አልረካም። በ1956 የሠራተኞቹን የደንብ ልብስ ልክ መዝገብ አስወጥቶ ሲመረምር፣ ሹፌሮቹ ከትኬት ቆራጮቹ ይልቅ በወገባቸው ሰፋ ያሉ ሆነው አገኛቸው፤ ልዩነቱ በወጣቶቹ ሠራተኞች ላይም ይታይ ስለነበር ከሥራው ጠባይ ብቻ የመጣ ነው ለማለት አስቸጋሪ ሆነ። የራሱን ታላቅ ግኝት በራሱ እጅ በሱሪ ልክ የፈተነ ሰው ነውና፣ ጥናት ለሚያነብ ሁሉ ምሳሌ ሊሆን ይገባል እላለሁ።

ስለ ትምህርት ውጤት በአጭሩ ልናገር። በ2019 ሥራውን ያወጣ አንድ የባለሙያዎች ቡድን እንቅስቃሴ በተማሪዎች ላይ ያመጣውን ለውጥ የፈተሹ 58 ጥናቶችን ገምግሞ፣ በአጠቃላይ የትምህርት ውጤት ላይ ያለው ማስረጃ ቁርጥ ያለ አለመሆኑን፣ በሒሳብ ላይ ግን ጠንካራ ማስረጃ መኖሩን ገልጿል። ባስተማርኩበት በአንድ ትምህርት ቤት ፈተና ሲቃረብ የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ተወስዶ ለሒሳብ ማካካሻ ይሰጥ ነበር፤ ያኔ ይህ ጥናት በእጄ ቢኖር ለርእሰ መምህሩ ወስጄ አሳየው ነበር።

ከሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝና በጽሑፋችሁ ያልተነሣው ግን በትምህርት ቤት የሚካሄዱ የእንቅስቃሴ ማበረታቻ ፕሮግራሞች ውጤት ነው። በ2012 በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት የወጣ አንድ ግምገማ፣ በትምህርት ቤትም ከዚያ ውጭም የተካሄዱ ፕሮግራሞችን በመሣሪያ የለኩ 30 ጥናቶችን አሰባስቦ ፕሮግራሞቹ በልጁ ቀን ላይ የጨመሩት በግምት 4 ደቂቃ የእርምጃ ወይም የሩጫ ጊዜ ብቻ እንደሆነ አገኘ። የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚገመግመው ኮክሬን የተባለው ድርጅት በ2021 ያወጣው ግምገማ ደግሞ 89 ጥናቶችንና 66,752 ተማሪዎችን ያካተተ ሲሆን፣ በመካከለኛና በጠንካራ እንቅስቃሴ ላይ የታየው ጭማሪ በአማካይ በቀን 0.73 ደቂቃ፣ ማለትም ከአንድ ደቂቃ በታች ሆኖ ተገኘ። ይህን መጀመሪያ ሳነብ ለብዙ ቀን ከፍቶኝ ነበር። የዕድሜ ልክ ሥራዬ በቀን ከአንድ ደቂቃ በታች ነው ወይ ብዬ ራሴን ጠይቄአለሁ።

ቆይቼ ሳስበው ግን የተለካው ምን እንደሆነ ታየኝ። የተለካው ባለው የትምህርት ቀን ላይ የተደረበ ትምህርት፣ ምክር፣ ፖስተርና አጭር እንቅስቃሴ ነው፤ ልጁ የሚሮጥበት ሜዳና የሚጫወትበት ሰዓት ሳይጨምርለት ተጫወት ተብሏል ማለት ነው። በእኛ ዘንድ የሚሆነውን ደግሞ በዓይኔ ያየሁትን ልናገር። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። ከ60 የማያንሱ ተማሪዎች ከክፍል ወጥተው፣ ሜዳ ደርሰው፣ ተሰልፈው፣ ስም ተጠርቶ እስኪያልቅ 10 ደቂቃ ይሄዳል። ኳሱ አንድ ነው፤ እሱም ስፌቱ የተተረተረ፣ ውስጡ ብጣሽ ጨርቅ የተጨመረበት ነው። ሃያ ሁለቱ ሲሯሯጡ የቀሩት ቆመው ተራ ይጠብቃሉ፤ ተራቸው ሳይደርስ ደወል ይደወላል። ምንም ሳይባክን ሁለቱም የሳምንቱ ክፍለ ጊዜያት በሩጫ ቢያልፉ እንኳ የሚገኘው 80 ደቂቃ ነው፤ በሳምንት የሚያስፈልገው ግን 420 ደቂቃ ነው። ስለዚህ የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ብቻውን ችግሩን ይፈታዋል ብሎ መጻፍ ክፍለ ጊዜውን ማክበር አይደለም፤ የማይችለውን ሸክም ጭኖ በኋላ አልሠራም ብሎ ለመክሰስ ማዘጋጀት ነው። የክፍለ ጊዜው ድርሻ ሌላ ነው። ልጁ መሮጥን፣ መዝለልን፣ መወርወርን፣ ከባልደረባው ጋር ተግባብቶ መጫወትን ይማርበታል፤ የቀረውን ደቂቃ የሚሞላው ደጅ ነው።

ጥናቶቹም በዚህ ይስማማሉ። በ2015 የወጣ አንድ የጥናቶች ግምገማ ልጆች ደጅ በሆኑ ጊዜ ቤት ውስጥ ካሉበት ጊዜ ይልቅ በብዙ እንደሚንቀሳቀሱ አረጋግጧል። ለእኛ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ በሰኞ ማክሰኞ፣ በገመድ ዝላይ፣ በድብብቆሽና በጨርቅ ኳስ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አዲሱ ነገር ደጁ ራሱ እየጠፋ መሆኑ ነው። በአዲስ አበባ የምትኖረው የእኅቴ ልጅ የምትማርበት ትምህርት ቤት መኖሪያ ቤት የነበረ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ነው፤ ግቢው ውስጥ ሁለት ሚኒባሶች ከቆሙ ለልጆቹ የሚቀረው ቦታ እኔ ከማስተምርበት ክፍል አይሰፋም። የእረፍት ሰዓት በተራ ነው፤ መሮጥም ክልክል ነው፣ እንዳይጋጩ። ይህችን ልጅ በስልክ ሱስ መውቀስ እንዴት ይቻላል? ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ በአዲስ አበባ «መንገድ ለሰው» በሚል በተመረጡ እሑዶች መንገድ ሲዘጋ ልጆቹ አስፋልቱ ላይ የሚያደርጉትን ያየ ሰው፣ የጎደለው ፍላጎት ነው ወይስ ቦታ የሚለውን ጥያቄ ራሱ ይመልሳል።

ስለ ሴት ልጆች ለብቻው መናገር አለብኝ፤ የተነሣሁበት አሃዝ ውስጥ ሳይነበብ የሚታለፈው ክፍል እሱ ነውና። ከ2001 እስከ 2016 ባሉት ዓመታት ከመለኪያው በታች የሆኑት ወንዶች ከ80 ወደ 78 በመቶ ሲወርዱ፣ ሴቶቹ በ85 በመቶ ላይ እንዳሉ ቀርተዋል። በእኔ ሜዳ ይህ ልዩነት በመቶኛ ሳይሆን በድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይታያል። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ሴቶቹ አንድ በአንድ ከጨዋታው እየወጡ በሜዳው ዳር ባለው ካብ ላይ ይደረደራሉ፤ የወንዶቹን ሹራብና ደብተር ጭናቸው ላይ ይዘው ይጠብቃሉ። ምክንያት ስጠይቅ «ራሴን ያመኛል» ይሉኛል። ወጣት መምህር ሳለሁ ይህን ስንፍና ብዬ ነጥብ እቀንስ ነበር፤ ዛሬ በዚህ አዝናለሁ። የሚቀይሩበት ክፍል የለም፣ መጸዳጃ ቤቱ ውሃ የለውም፣ ቀሚስ ለብሰው ሲሮጡ ከአጥሩ ውጭ የቆመ ሰው ቃል ይወረውራል፤ በወር አበባ ቀናት ደግሞ ከካቡ ላይ መነሣትም ይከብዳቸዋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ከአንዲት መምህርት ባልደረባዬ ጋር ተመካክረን ዓርብ የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ ለሴቶቹ ብቻ ለየነው፤ ምን እንጫወት ብለን ስንጠይቃቸው ኳስ አላሉም፣ ገመድ አሉ። ሁለቱ ረጅሙን ገመድ እያዞሩ፣ ሌሎቹ በዜማ እየቆጠሩ ሦስትም አራትም ሆነው ሲገቡና ሲወጡ፣ «ራሴን ያመኛል» የምትለኝ ልጅ ላቧ በጆሮዋ ሥር እየወረደ «አንድ ጊዜ ብቻ ቲቸር፣ አንድ ጊዜ!» ትል ነበር። ይህ ጥናት አይደለም፤ በአንድ ሜዳ የታየ ነገር ነው። ነገር ግን ሴት ተማሪዎች ስፖርት አይወዱም የሚል ጥናት ሲቀርብልኝ ምን ዓይነት ስፖርት፣ የት፣ ማን እያየ ብዬ እንድጠይቅ አድርጎኛል።

በመጨረሻም ጽሑፋችሁ «የሩጫ አገር ልጆች መሮጥ ተዉ» ብሎ አትሌቶቻችንን አንሥቷል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በአሰላ አካባቢ በልጅነቱ ትምህርት ቤት ለመድረስ በየቀኑ 10 ኪሎ ሜትር ይሮጥ እንደነበር፣ ደብተሩን የያዘበት እጁም በሩጫ አኳኋኑ ላይ ምልክቱ እንደቀረ ሁሉም ያውቃል። ከበቆጂ ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ወጥተዋል። በ2003 የታተመ አንድ ጥናት ከ100 በላይ የብሔራዊ ቡድን አትሌቶቻችንን አትሌት ካልሆኑ ኢትዮጵያውያን ጋር አነጻጽሮ፣ የማራቶን ሯጮቹ ከአርሲና ከሸዋ በብዛት የመጡ እንደሆኑ፣ በልጅነታቸውም ወደ ትምህርት ቤት ረጅም መንገድ በሩጫ ይሄዱ እንደነበር አሳይቷል። የንጽጽር ቡድን ያለው በመሆኑ የማከብረው ጥናት ነው። ሆኖም የሚነግረን ከፍተኛ ደረጃ ስለ ደረሱት ጥቂቶች ነው። ያንኑ 10 ኪሎ ሜትር ሮጠው አትሌት ያልሆኑት፣ መንገዱ ስለ ራቀ ትምህርታቸውን ያቋረጡት፣ በተለይም መንገዱ ስለሚያስፈራ ወላጅ ያስቀራቸው ሴቶች በዚያ መዝገብ ውስጥ የሉም። ደራርቱ በ1992 በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ስታሸንፍ የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት መሆኗ የሁላችንም ኩራት ነው፤ ነገር ግን የትምህርት ቤት ርቀት የስፖርት ፖሊሲ ሊሆን አይችልም። ትምህርት ቤቱ ሲቀርብ የጠፋውን ሩጫ በሜዳ መተካት እንጂ ልጁን ሰነፍክ ማለት ተገቢ አይደለም።

ከጋዜጣችሁ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። እንዲህ ያለ አሃዝ ስታወጡ እነማን እንደተጠየቁ፣ በምን ቃል እንደተጠየቁና በስንት ዓመት እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር አብራችሁ ጻፉ። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች በስፖርት ሳይንስና በኅብረተሰብ ጤና ክፍሎች የሚሠሩ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቶች በመደርደሪያ ላይ ከሚቀሩ፣ አጥኚዎቹ የተጠቀሙበትን የአማርኛ መጠይቅ ቃል በቃል እንዲያወጡና ሌላው እንዲያርመው ዓምድ ክፈቱላቸው፤ የእኔን የመጀመሪያውን ስሕተተኛ ትርጉምና ያረምኩትን ሁለተኛውን ሁለቱንም ለዚሁ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ ልኬአለሁ። በወላጆች ዓምዳችሁ ላይ ደግሞ ለትምህርት ቤት ምዝገባ የሚሄድ ወላጅ ስለ ክፍያና ስለ እንግሊዝኛ እንደሚጠይቀው ሁሉ «ልጄ በእረፍት ሰዓት የሚሮጠው የት ነው? ሴት ልጄ ልብሷን የምትቀይረውስ የት ነው?» ብሎ እንዲጠይቅ አሳስቡልን።

ያቺ ተማሪ ባረምኩት መጠይቅ ላይ ለሁለተኛ ጊዜ ስትሞላ ምንም አልጠየቀችኝም። ወረቀቷን ስሰበስብ 7 ላይ አክብባለች፤ ከጎኑም በትንሽ ጽሕፈት «እሑድ ሁለት ጊዜ» ብላ ጨምራበታለች።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
ከሰሜን ሸዋ፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር